ቶንሲልም ሳይነስም ካልሆነ ምንድን ነው የሚያመኝ?

የሐዋሳዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ከዓመት በላይ ጉሮሮዬን በቀኝ በኩል ብቻ ያመኛል። ስውጥ የዓሣ አጥንት የተሰነቀረብኝ ይመስለኛል። ሕመሙ ወደ ጆሮዬና ወደ ጭንቅላቴ ይወጣል፤ አንገቴን ሳዞር ይብስብኛል። ቶንሲሌ ድሮ ወጥቷል። ሳይነስ ነው ተብዬ አንቲባዮቲክ ብወስድም ጠብ ያለልኝ ነገር የለም። እናቴ ደግሞ እንጥልሽ ወርዷል፣ ይቆረጥ ትላለች።

ባለሱቋ፦ እህቴ፣ እንጥልሽን እንዳታስነኪ! ደሙና ኢንፌክሽኑ ሌላ ጣጣ ነው።

ጥርስ ሐኪሙ፦ ኢግል ሲንድሮም ሊሆን ይችላል። ከጆሮ ሥር ወደ ታች የሚወርድ፣ እንደ ወስፌ የሾለ አጥንት አለን፤ ስታይሎይድ ይባላል። በአማካይ 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከ3 ካለፈ ረዘመ ይባላል። ያኔ አጠገቡ ያሉትን ነርቮች ሊነካ ይችላል። ዋት ኢግል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው በ1937 እ.ኤ.አ. የጻፈው። ቶንሲል ከወጣ በኋላ የሚጀምራቸውም አሉ። ግን ረጅም ሆኖ ምንም የማይሰማው ሰው ብዙ ነው፤ ራጅ ብቻውን አይበቃም።

የሐዋሳዋ፦ ኧረ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው! ማን ጋ ልሂድ?

የዲሲው፦ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ። እኔም ነበረብኝ። ሐኪሟ ጓንት አድርጋ ቶንሲሉ የነበረበትን ቦታ በጣቷ ስትጫነው ያው ሕመሜ እስከ ጆሮዬ ተሰማኝ። እዚያው ማደንዘዣ ስትወጋኝ ለጊዜው ጥፍት አለ። በዚህና በሲቲ ስካን ነው ያረጋገጡልኝ። መጀመሪያ ጋባፔንቲን የሚባል የነርቭ ሕመም መድኃኒት ሰጡኝ፤ ሕመሙን ቀነሰልኝ፣ ግን ቀኑን ሙሉ ያፈዘኛል። በኋላ በአንገት በኩል ቀደው አጥንቱን አሳጠሩት። በአፍ በኩልም ይሠራል። ጠባሳ የለውም፤ ሐኪሙ ግን እንደ ልብ አያይም።

ባለሱቋ፦ ኦፕራሲዮን እንዲህ በቀላሉ?

የዲሲው፦ ኧረ ቀላል አይደለም! ነርቭና ትልልቅ የደም ሥር ያለበት ቦታ ነው። መድኃኒቱ ከያዘልሽ ተዪው።

ጥርስ ሐኪሙ፦ ልክ ነው። አንገትሽን ስታዞሪ ራስሽን ካሳተሽ ግን አጥንቱ የደም ሥር ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሂጂ። አንገትሽ ላይ እብጠት ካለ፣ ምራቅሽ ደም ከቀላቀለ ወይም ከከሳሽም እንደዚያው፤ ዕጢ አለመሆኑ መታየት አለበት። ለመነሻ የጥርስ ፓኖራሚክ ራጅ (መንጋጋውን በሙሉ የሚያሳየውን) ተነሺ፤ ከሲቲ ይረክሳል። ብዙ ጊዜ ጥርሱን ብቻ አይተው ስለሚያልፉ፣ «ስታይሎይዱንም ለኩልኝ» በያቸው።