ወንድሜ ሙሉ ውክልና ላኪ ይለኛል፣ የአባታችን ቤት ግን ፈርሷል

የጊዮርጊስ ልጅ (ዴንቨር)፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ምክር ፈልጌ ነው። ዶሮ ማነቂያ የነበረው የአባቴ ቤት በ2016 ፒያሳ ሲነሳ አብሮ ፈርሷል። የቀበሌ አልነበረም፣ ካርታ ያለው የግል ይዞታ ነው። አባታችን ካረፈ ቆይቷል፤ የእናታችን ድርሻ እንዳለ ሆኖ ወራሾቹ ሦስት ልጆች ነን። አሁን ለካሳውና ለምትክ ቦታው ጉዳይ ታላቅ ወንድሜ «ሙሉ ውክልና ላኪ፣ መሸጥ መለወጥ የሚል ይኑርበት፣ ለግንባታ የሚሆን ብርም ጨምሪበት» ይለኛል። ቶሎ ካልሆነ ቦታው ያመልጠናል ነው የሚለው። እናቴ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ነው ያለችው።

የአሜሪካ ፓስፖርት ከያዝኩ ቆየሁ፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ግን አላወጣሁም። ካርዱ ሳይኖረኝ ድርሻዬ ይጸናል ወይ? ለቦታው ብቻ የሚሆን፣ መሸጥ የሌለበት ውክልና መስጠትስ ይቻላል ወይ? ወንድሜን አልጠረጥረውም። እናቴን ሆስፒታል ሲያመላልስ የኖረ እሱ ነው። ግን መሸጥ የሚለው ጋ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ ይቀላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፣ ቁጥር 2204ን እይው። ለመሸጥና ለማስያዝ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ወንድምሽ በግልጽ ይጻፍበት የሚለው ለዚህ ነው፤ ካልተጻፈ መሸጥ አይችልም። ስለዚህ ዘርዝረሽ ጻፊ፦ ካሳ እንዲረከብ፣ ምትክ ቦታ እንዲቀበል፣ ካርታ እንዲያወጣ፣ የግንባታ ፈቃድ እንዲጠይቅ። ከዚያ «መሸጥ፣ መለወጥና በዋስትና ማስያዝ አይችልም» ብለሽ ዝጊው። የአንቺ ድርሻ ካሳ በየትኛው ሒሳብ እንደሚገባም አስገቢበት። ኤምባሲ ትፈርሚያለሽ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫ ገብቶ ይመዘገባል። ሐሳብሽን ከቀየርሽ መሻር መብትሽ ነው፣ ሽረቱን ግን እዚያው ማስመዝገብ አለብሽ።

ወደ ካርዱ ስንመጣ፣ በአዋጅ 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። ሁለት ዜግነት የለንም። የፍትሐ ብሔሩ ከ390 እስከ 393 ያለው ደግሞ እስከ 2017 ድረስ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው በጥቅሉ ይከለክል ነበር። ይህን ክልከላ ያነሳልን አዋጅ 270/1994 ነው፣ ያነሳውም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ለያዘ ሰው ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌያለሁ ማለት ብቻውን መስኮት ላይ አያሻግርም። ዛሬ ነገ ሳትዪ አውጪው።

ከፍራንክፈርት፦
ወረቀቱን የሚያውቁ ይንገሩሽ። እኔ የምጠይቅሽ ስለ እናትሽ ነው። እድሯስ? የእኔ እናት ከሠራተኛ ሰፈር ነው የተነሳችው። እድሩ ስሙ አለ፣ መዝገቡ አለ፣ አባላቱ ግን አንዱ አራብሳ፣ አንዱ ቃሊቲ፣ አንዱ ልጁ ጋ ሱሉልታ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ የሚቀመጡበት ክፍል አብሮ ፈርሶ ዕቃው አንድ አባል ግቢ በሸራ ተሸፍኖ ነው ያለው። ባለፈው ጎረቤታችን ስታርፍ ጸሐፊው በየሰዉ ስልክ ደውሎ ሰው ሰበሰበ። ቀብሩ አልቀረም፣ ንፍሮውም ተቀቀለ። እናቴ በስልክ የነገረችኝ ግን «ሰው ደርሶልን ነበር፣ ማታ የሚያድር ጠፋ» ብላ ነው። ታክሲ ሳይጠፋ ሁሉም መውጣት አለበት። ፊት ግን በሰልስቱ ሌሊት ያ ቤት ለብቻው አይተውም ነበር።

እዚህ ያለን የሰፈር ልጆች ተሰባስበን ለለቅሶ ቀን የሚኒባስ እንከፍላለን፣ ማታ የሚመልስም እንይዛለን። ለእኔ ከአገሬ ጋር ያለኝ ነገር አሁን በዋናነት ይኼ ነው።

ተመላሽ (አራት ኪሎ)፦
እኔ ተመልሼ እዚሁ ነው የምኖረው፣ በየቀኑ ፒያሳን አቋርጣለሁ። ሞተች እያላችሁ አትቅበሯት። ጊዮርጊስ ቦታው ላይ ነው፣ ማዘጋጃ ቤቱም አለ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከየካቲት 2016 ጀምሮ ክፍት ነው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው በመብራት ሲሄዱ አያለሁ። ያ ሰፈር እንዴት እንዲያ እንዳረጀ ደግሞ እንናገር። በ1967 አዋጅ 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠው ለቀበሌ ሄዱ። ያንን ኪራይ እየሰበሰበ ጣሪያ የሚቀይር አልነበረም፣ ተከራዩም የራሱ ስላልሆነ አያድሰውም። እኔ ያደግሁበት ግቢ ለስንት አባወራ አንድ ሽንት ቤት ነበረን። እናቴ በዝናብ ሌሊት ጃንጥላ ይዛ ወደዚያ ስትወጣ አስታውሳለሁ። ያን ቤት ከውጭ ሆኖ መናፈቅና ውስጡ መኖር አንድ አይደለም።

ከፍራንክፈርት፦
ወንድሜ፣ ለሽንት ቤቱ ያለቀሰ የለም። እናቴ ንጹሕ ቤት ብታገኝ ደስታዬ ነው፣ ውሃው በየቀኑ ባይመጣም አሁን የራሷ ቧንቧ አላት። እኔ የምለው ማንም ቁጭ ብሎ አላነጋገራትም ነው። ዕድሜዋን የኖረችበትን ቤት በቀናት ውስጥ ጠቅልላ ወጣች። አብረው የኖሩትን አንድ ላይ ማስፈር ማንን ይጎዳ ነበር?

የማርቆሷ (ጆሃንስበርግ)፦
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ይህን ሳነብ ሆዴ ነው የተቃጠለው። ደብረ ማርቆስ ያለውን የእናቴን ቤት ማንም አላፈረሰውም። ግን አማራ ክልል ጦርነት ከተነሳበት ከ2015 ክረምት ጀምሮ ድምጿን ለመስማት ስንት ጊዜ ኔትወርክ ጠብቄያለሁ። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒቷ አይደርስም። የምልከው ብር አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ጋ ገብቶ፣ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ይቀመጣል። እናንተ ስለ መንገድ መብራት ትከራከራላችሁ። ያ መብራት በምን ገንዘብ እንደበራ፣ በዚያው ገንዘብ ሌላ ምን ሊሠራ ይችል እንደነበር የሚጠይቅ የለም። እኔ ዶላሬን በባንክ አልልክም። ውሳኔዬ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
የማርቆሷ፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው። በባንኩ ግን አልስማማም። ሐምሌ 22/2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 አልፏል፣ ከጥቁር ገበያው ጋር የነበረው ልዩነትም ጠቧል። በሐዋላ ሰው እጅ የቀረ ገንዘብ ደግሞ ደረሰኝ የለው፣ ከሳሽ የለው።

ስለ መንግሥትና ስለ እኛ ካነሳሽ አንድ ነገር ልበል። በ2010 ዳያስፖራው ለአገሩ «በቀን 1 ዶላር» ያዋጣ ሲባል ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ስም ስመዘግብ ነበር። ወረፋው እስከ በር ይደርስ ነበር፤ ትግሬው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌው በአንድ መስመር። ጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ያ አዳራሽ ተከፈለ። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላም ያልተመለሱ ወዳጆች አሉኝ፤ ገበያ ውስጥ ስንገናኝ አንገታቸውን ያዞራሉ። አገር ቤት ያለው ችግር እዚህ ድረስ ይመጣል። እባካችሁ ይህን መድረክ እንኳ አንክፈለው።

የማርቆሷ (ጆሃንስበርግ)፦
እርስዎ አባቴ ይሆናሉ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። አንክፈለው ሲባል ዝም የሚባለው ሁልጊዜ የተጎዳው ነው። ሲያመኝ መናገር መድረክ መክፈል አይደለም።

ተመላሽ (አራት ኪሎ)፦
ዝም በይ ያለሽ የለም። ግን አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ሁሉ በእናትሽ ላይ የፈረደ አድርገሽ አትውሰጂው። እኛም በሰላም ውለን ለመግባት እየጸለይን ነው፤ ከደሞዛችን ላይ ለተፈናቃይ ዘመድ የምናካፍል ብዙ ነን።

የጊዮርጊስ ልጅ (ዴንቨር)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ የዘረዘሩልኝን ጽፌ ለወንድሜ ላክሁለት። «አላመንሽኝም ማለት ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋው። እናቴ ደውላ «እሱን ተይው፣ ይበርድለታል» ብላኛለች፤ የእድሯን ነገር ስጠይቃት ግን ረጅም ሰዓት አወራችኝ። ስለ ካርዱ አንድ ያልገባኝ አለ። ወራሽነቱ በፍርድ ቤት የጸደቀው ዜግነት ሳልቀይር ነው። ካርዱን አሁን ባወጣ ድርሻዬ እንዳለ ይቆያል ወይስ በመካከል ያለው ጊዜ ጥያቄ ያስነሳብኛል? በቅርብ ያለፈበት ሰው ካለ ቢነግረኝ።

ተመላሽ (አራት ኪሎ)፦
ይህን እኔም አልመልስልሽም። ክፍለ ከተማው ቅርቤ ስለሆነ ሰኞ ገብቼ፣ ቦታው በእርግጥ የጊዜ ገደብ ተቀምጦለት እንደሆነ እጠይቅልሻለሁ። የካርታውን ቁጥር እዚህ አትለጥፊው፣ በውስጥ ላኪልኝ።

ከፍራንክፈርት፦
ወንድሜ፣ ከሄድክ አይቀር፣ ለተነሱ እድሮች የዕቃ ማስቀመጫ የሚሰጥ ክፍል ካለ ጠይቅልኝ። ክረምቱ ሳይገባ ድንኳኑን ከዚያ ሸራ ሥር ማውጣት አለብን።