ነፍሰ ጡር ነኝ፤ አስተስርዮን ልጹም?

የነታንያዋ፦
ሰላም እህቶቼ። ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። እኛ አስተስርዮ የምንለው የስርየት ቀን፣ ዮም ኪፑር፣ በቀረበ ቁጥር ቤታችን ሁለት ጎራ ሆኗል። እናቴ «እኛ እናንተን በሆዳችን ይዘን ጾመናል፤ አስተስርዮ ጨዋታ አይደለም» ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ «የታሙዝን ጾም ረቢው አትጹሚ ብለውሽ የለ? ታዲያ ይኼ በምን ይለያል?» ይላል። ጤናዬ ደህና ነው፤ ደም ማነስ ስላለብኝ ብቻ የብረት ኪኒን እወስዳለሁ። «እንደተመቸሽ አድርጊ» የሚለኝ ሰው ሞልቷል፤ እኔ የምፈልገው ሕጉን ነው።

አዋላጅ ነርስ፣ ረሆቮት፦
እህቴ፣ ባለቤትሽ ሁለት ዓይነት ጾም ቀላቅሏል። ቀለል ባሉት ጾሞች፣ ማለትም በታሙዝ፣ በቴቬት፣ በጌዳልያና በአስቴር ጾም፣ የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ የሆነው ሹልሃን አሩክ ነፍሰ ጡሮችንና የሚያጠቡትን ነጻ ያደርጋል፤ ከአሽኬናዝ (ከአውሮፓ አይሁድ) ወገን ግን ካልከበዳት የምትጾም አለች። የቤተ መቅደሱ መፍረስ የሚታሰብበት ትሽዓ ብአቭና ዮም ኪፑር ሌላ ናቸው። በተለይ ዮም ኪፑር ከኦሪት የመጣ ስለሆነ ጤነኛ ነፍሰ ጡር ሃያ አምስት ሰዓት ገደማ ትጾመዋለች።

አደጋ ሲመጣ ግን ሕጉ ራሱ ብዪ ይላል። በጥንቱ የሕግ ስብስብ በሚሽና፣ ዮማ በተባለው ክፍል ላይ፣ ምግብ ሸትቷት ያማራት ነፍሰ ጡር እስክትረጋጋ ትበላለች ተብሏል። ሚሽናን የሚያብራራው ታልሙድ አመጋገቧን ሳይቀር ይዘረዝራል፦ መጀመሪያ ቀኑ ዮም ኪፑር መሆኑ በጆሮዋ ይነገራታል፤ ካልበረደላት ሸምበቆ መረቅ ውስጥ ተነክሮ አፏ ላይ ይደረጋል፤ ያም ካልበቃ መረቁ፣ ከዚያም ስቡ ራሱ ይሰጣታል። ሐኪም «አያስፈልጋትም» ቢል እንኳ ታማሚዋ «ያስፈልገኛል» ካለች የምትሰማው እርሷ ናት፤ የራሱን ምሬት የሚያውቅ ልብ ራሱ ነውና።

አደጋው መለስተኛ ሲሆን ረቢዎች በልክ መብላትና መጠጣትን ይፈቅዳሉ። ምግቡ ወደ 30 ሚሊ ሊትር፣ በየዘጠኝ ደቂቃው። ለመጠጡ ከበዓሉ በፊት አፍሽን በውሃ ሞልተሽ ኩባያ ውስጥ ትፊው፤ ልክሽ ከግማሹ ያነሰ ነው። የልጆች ሽሮፕ የሚለካባት ቁጥር ያላት ትንሿ ኩባያ ለዚህ ትመቻለች። ምጥ የመሰለ ቁርጠት፣ ደም፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ከመጣ ግን ልኩን እርሺው፤ ጠጪና ሆስፒታል ሂጂ። የደምሽን ነገር መዝገብሽን የሚያውቀው ሐኪም ይወስን፤ ቃሉን ይዘሽ ረቢውን ጠይቂ።

ሌላም አለ። ከጸሎቱ ጾሙ ስለሚቀድም ምኩራብ ቆመሽ ከምትደክሚ አልጋሽ ላይ ጹሚ፤ ልጆቹን ባለቤትሽ ይያዝ። ቡናሽንም ከወዲሁ ቀንሺ፤ የጾሙ ቀን ራስ ምታት ግማሹ የእርሱ ሥራ ነው።

የጎንደር ሰው፦
ልጄ፣ አባቶቻችን ይህን ሁሉ ልክ ሳያውቁ ኦሪታቸውን ብቻ ይዘው ጾመዋል። አሁን እግዚአብሔርን በሽሮፕ ኩባያ ልንለካው ነው?

አዋላጅ ነርስ፣ ረሆቮት፦
ጋሼ፣ አባቶቻችንን ማን ይነካል! ግን ኦሪት ዘሌዋውያን 18፥5ን ይመልከቱ፤ ትእዛዙን የሚያደርግ ሰው በሕይወት ይኖርበታል ይላል። የታልሙድ ሊቃውንትም ነፍስን ማዳን ሰንበትን ጭምር እንደሚሽር ያስረዱት በዚሁ ጥቅስ ነው። ኩባያውም ከጾሙ ሳትወጣ ነፍሷን እንድትይዝ ነው።

የምታጠባ፦
እኔ አምና ወተት አስቀድሜ አልቤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ሕፃኑ ጡጦ ስለሚቀበል ጾሜን ጨረስኩ። ጡጦ እንቢ ያለባት ጎረቤቴ ግን ወተቷ ሲቀንስ ረቢዋ በልክ እንድትጠጣ ፈቀዱላት። አንቺም ስትወልጂ እንደገና ጠይቂ፤ በወለድሽ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከዋለ ደግሞ ጾም የሚባል ነገር የለብሽም።

የነታንያዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሐኪሙ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ለረቢውም እደውላለሁ። ቡና መቀነሱ ግን እናቴ ቤት ከጾሙም ይብሳል፤ ከበረካው ልጀምር።