ባዮጋዙ ለምን አይነድልኝም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ማብላያውን በከብት እበት ከሞላሁት 2 ሳምንት ሊሆነው ነው። ጋዝ አለ፣ ቧንቧውን ስከፍት ሽው ይላል። ክብሪት ሳስጠጋ ግን ጭራሽ ያጠፋዋል! ትናንት ደግሞ ይበርታ ብዬ አንድ ጆንያ የዶሮ ኩስ ጨመርኩበት። አበላሸሁት እንዴ?

መልስ፦ አይዞህ። መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ እሳቱን የሚያጠፋብህም እሱ ነው። የሚነደውን ጋዝ፣ ሚቴንን፣ የሚሰሩት ተሕዋስያን የሚባዙት ቀስ ብለው ነው፤ ሚቴኑ ከግማሽ በላይ ሲሆን ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ይነድልሃል። እስከዚያ ጋዙን ደጅ ልቀቀው። ደግሞ በፈጠረህ፣ ማብላያው አጠገብ ክብሪት እንዳትጭር! ሚቴን ከአየር ጋር ሲደባለቅ ይፈነዳል።

መልስ፦ እኔን ያሳሰበኝ ኩሱ ነው። ናይትሮጅን ስለሚበዛው አሞኒያ ይሆንና ተሕዋስያኑን ያዳክማል። ካርቦን ለናይትሮጅን ከ20 እስከ 30 ለ1 ቢሆን ነው ጥሩ፣ ሰው ገለባ የሚቀላቅለውም ለዚያ ነው፣ ግን ደቆ ይግባ፤ አለዚያ ይንሳፈፍና ላይ ላዩን እንደ ቅርፊት ይጋገራል። እኔ አንዴ እሱን ስሰባብር ውያለሁ፣ ሽታው ከልብሴ አልለቅ ብሎ ነበር።

ጠያቂው፦ እሺ፣ አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለጥቂት ቀን ምንም አትጨምር። ብዙ ሰው ጋዝ ሲቀንስ ራበው ብሎ ያጎርሰዋል፣ ሲብላላ የሚፈጠረው አሲድ ይብስበታል። ፒኤቹን (የአሲድነቱን መጠን) ለካ፣ 7 አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ እበትና ውሃ እኩል በእኩል በጥብጠህ በትንሽ በትንሹ። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከሆነ ይፈጥናል፣ ከቀዘቀዘ ግን ቁጭ ብለህ መጠበቅ ነው።