«አልነካነውም» ያለ ሁሉ ከጂፒኤል ነጻ ነው እንዴ?

ዝም_አልልም፦ አንድ የራውተር አምራች የፈርምዌሩን (ዕቃው ውስጥ ተጭኖ የሚሸጠውን ሶፍትዌር) ሶርስ ኮድ ተጠይቆ የመለሰው ይኸውላችሁ፦ «ሊነክስንም ቢዚቦክስንም አልነካናቸውም፤ የፈለገ ከዋናው ድረ ገጽ ያውርድ።» በቃ፣ አለቀ! ሊነክስ ከርነሉ፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት ነው፤ ቢዚቦክስ የትንንሽ ትእዛዞች ጥቅል፤ ሁለቱም የወጡት በጂፒኤል 2፣ ኮዱን ስታከፋፍል ሶርሱንም ስጥ በሚለው የሶፍትዌር ላይሰንስ ነው። ጂፒኤል 2 አንቀጽ 3 ላይ «ከነካኸው» የሚል ቃል የት ነው ያለው? ባይነሪ (ኮምፓይል የተደረገውን) የሰጠ ሶርሱን አብሮ ይሰጣል። አለበለዚያ ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል ያስገባል፤ ያውም ለገዢው ብቻ ሳይሆን ለጠየቀ ሁሉ፣ ከማድረሻ ወጪው በማይበልጥ ሂሳብ። የሌላውን ቃል ማስተላለፍ የተፈቀደው ለማይነግድ ነው።

ቀጥታ_ስርጭት፦ ወንድሜ፣ ረጋ በል። ያልተነካ ኮድ እንደገና ድረ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ማንን ይጠቅማል? የከርነሉ ድረ ገጽ ነገ ተነሥቶ አይጠፋም። ሥራ ለማብዛት ካልሆነ።

የባይት_እናት፦ «ያልተነካ» ነው ያልከው? እሺ፣ ይቺን ቃል ልያዛት። ቢዚቦክስ ያለ ኮንፊግ ፋይል አይገነባም፤ የትኛው ትእዛዝ እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። የእናንተ ኮንፊግ ከየትኛው ድረ ገጽ ይወርዳል? ላይሰንሱ ኮምፓይል ማድረጊያና መጫኛ ስክሪፕቶቹን በግልጽ ከሶርሱ ጋር ቆጥሯቸዋል። ወደ ከርነሉ እንምጣ፤ የቦርዱ ዲቫይስ ትሪ (የሃርድዌሩ መግለጫ)፣ የዋይፋዩ ድራይቨር፣ ከቺፕ አቅራቢው ኤስዲኬ (የመገንቢያ ጥቅል) ጋር የመጡት ፓቾች፣ ማለትም የኮድ ለውጦች፣ አሉ። ከዋናው ጋር ዲፍ አድርጉና (ልዩነቱን አውጡና) ከዚያ «አልነካነውም» በሉኝ።

ቀጥታ_ስርጭት፦ ፓቹ የአቅራቢው ነዋ! እሱን ጠይቂው።

ኮሎኔል_ከርነል፦ የራውተር አምራቹ ሊንክሲስ በ2003 እ.ኤ.አ. በደብሊውአርቲ54ጂ ራውተር የተያዘውም በዚሁ ነው። ኮዱ ከአቅራቢ ነው የመጣው፤ የተጠየቀው ግን ስሙ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ነው። ሶርሱ ሲወጣ ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው ነጻ የራውተር ፈርምዌር ከዚያ ተወለደ። አቅራቢው ሶርስ እንደማይሰጥህ ካወቅክ ውል ስትፈርም ነበር መናገር፤ ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ማልቀስ ምን ያደርጋል?

ነገረ_ፈጅ፦ ዝም_አልልምን አንድ ቦታ ላርመው። ፈርምዌሩን በዳውንሎድ የሚሰጥ ከሆነ ሶርሱን እዚያው ቦታ፣ በዚያው ዓይነት መንገድ ማስቀመጥ በቂ ነው፤ የ3 ዓመት ቃል አያስፈልገውም። ሳጥን ውስጥ ገብቶ ለተሸጠው ግን ይህ አይሠራም። ጂፒኤል 3 ደግሞ ሶርሱ ሌላ ሰርቨር ላይ ቢሆንም ይቀበላል፤ ከባይነሪው አጠገብ የት እንዳለ በግልጽ ይጻፍ ነው የሚለው። ያ ሰርቨር ቢጠፋ ግን ዕዳው ያከፋፋዩ ነው።

ቀጥታ_ስርጭት፦ አያችሁ? ሌላ ሰርቨር ይቻላል ተባለ!

የባይት_እናት፦ በ3! በ3! ሊነክስም ቢዚቦክስም በ2 ናቸው። የምትፈልጋትን ግማሽ መስመር ብቻ ነው እንዴ የምታነበው?

ሌሊት_ቢልድ፦ ስድቡን ለጊዜው አቆዩትና ሥራውን እንነጋገር። በቢልድሩት (የፈርምዌር መገንቢያ መሣሪያ) ለሚሠራ «ሜክ ሊጋል-ኢንፎ» የሚለው ትእዛዝ የየፓኬጁን ሶርስ፣ ፓቾቹን፣ የላይሰንስ ጽሑፎቹንና ዝርዝሩን አንድ ፎልደር ያስገባል። የቢልድሩትን የራሱን ሶርስ ግን አያስቀምጥም፤ ማስጠንቀቂያ ይጽፍና ያልፋል፣ ማንም አያነበውም። እሱን በእጅ ጨምሩ። ቀጥሎ ፓኬጁን ምንም ያልተጫነበት ማሽን ላይ ፍቱት፣ ኔትዎርኩን ዝጉ፣ መመሪያው እንደሚለው ገንቡ። ብዙው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። የጊት ማሸጊያ ትእዛዝ፣ ጊት አርካይቭ፣ ሰብሞጁል (ከሌላ ማከማቻ የተጠራ ኮድ) አያወጣም፣ ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ኮንፊጉ ነጥብ ስለሚቀድመው በጊትኢግኖር (ጊት የሚዘላቸው ፋይሎች ዝርዝር) ተዘሏል። ወይም የተሸጠው የአንድ ታግ (ምልክት የተደረገበት ቨርዥን) ባይነሪ ሆኖ ሶርሱ በየጊዜው ከሚለወጠው ሜይን ብራንች ተወስዷል። የኮምፓይለሩን ቨርዥንም ጻፉ። ሌላው የሚረሳ ነገር 3 ዓመቱ ነው፤ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ሽያጭ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ዕቃ ነው። ኢሜይሉን የሚያነበው ሰው ሥራ ሲለቅ ቃሉም አብሮት ይለቃል።

ቀጥታ_ስርጭት፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ከሆነ ሶርስ የማይጠይቀውን የኤምአይቲ ላይሰንስ ኮድ ብቻ እጠቀማለሁ፣ እገላገላለሁ።

ዝም_አልልም፦ ግልግል መስሎሃል። ኤምአይቲም የኮፒራይት መስመሩና የፈቃዱ ጽሑፍ በእያንዳንዱ ቅጂ ይኑር ይላል። ጃቫስክሪፕቱን ሚኒፋይ ስታደርግ (መጠኑን ስታሳንስ) ኮሜንቱ ይታጠባል፤ ቃለ አጋኖ ያለበትን ኮሜንት የሚተዉ መሣሪያዎች አሉ፣ ግን የአብዛኛው ላይብረሪ ላይሰንስ ለብቻው ፋይል ላይ ስለሆነ ከመነሻው ባንድሉ (ተጠቅልሎ የሚላከው ፋይል) ውስጥ አይገባም። ዝርዝር ላይ «ኤምአይቲ» ብሎ ጽፎ ማለፍም ጽሑፉን አይተካም። አፓቼ 2.0 የሚባለው ላይሰንስ ደግሞ ኖቲስ የሚባል የማስታወሻ ፋይል ካለ እሱን ይጨምራል፣ የለወጥከውን ፋይል ለውጫለሁ ብለህ እንድትጽፍበትም ያዛል።

ኮሎኔል_ከርነል፦ የኤምአይቲ ኮድህን የምትልከው በአልፓይን (ትንሽ የሊነክስ ስርጭት) ኮንቴነር፣ ማለትም ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር በታሸገበት ኢሜጅ ከሆነ ቢዚቦክስ እዚያም ይጠብቅሃል። ለደንበኛ ኢሜጅ መላክ ማሰራጨት ነው።

ቀጥታ_ስርጭት፦ በኢሜጁ የመጨረሻ ሌየር (ንብርብር) ቢዚቦክስን አጠፋዋለሁ።

ሌሊት_ቢልድ፦ የታችኛው ሌየር ውስጥ ተቀምጦ ይሄዳል። ከዓይን ሰወርከው እንጂ አላጠፋኸውም።

ነገረ_ፈጅ፦ ከባዱን እኔ ላንሣ። «መጫኛ ስክሪፕት» ሲል የቡት ፊርማ ቁልፉንም (ዕቃው የሚቀበለውን ሶፍትዌር የሚፈርመውን) ይጨምራል? ጂፒኤል 3 ለሸማች ዕቃዎች የመጫኛ መረጃውን በግልጽ ጠይቋል። 2 ላይ ግን ቃሉ የለም፤ እኔ አይጨምርም ባይ ነኝ።

ዝም_አልልም፦ የገነባሁትን መጫን ካልቻልኩ መጫኛው ስክሪፕት ምን ይሠራልኛል? ለጌጥ ነው?

ኮሎኔል_ከርነል፦ የሊነክስ ፈጣሪ ቶርቫልድስ ከርነሉን ወደ 3 ያልወሰደው አንዱ ምክንያት ይኸው የቁልፍ ነገር ነው። የሚፈልገው ኮዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም።

ዝም_አልልም፦ የቶርቫልድስ ምኞት አንቀጽ አይደለም፣ ኮሎኔል። ከርነሉ ላይ መብት ያለው እሱ ብቻ ነው እንዴ?

ነገረ_ፈጅ፦ ከ3 ጋር አነጻጽረህ አንብበው። 2 ላይ ያለ ነገር ቢሆን ኖሮ 3 ላይ አዲስ መጻፍ ለምን አስፈለገ?

ዝም_አልልም፦ ግልጽ ለማድረግ ነዋ! እንደ አንተ ዓይነቱ ስላለ።

ቀጥታ_ስርጭት፦ እንግዲህ ተጨቃጨቁ። ቁልፉን እንደሆነ አንሰጥም።

የባይት_እናት፦ ቁልፉ ይቅርብህ ጌታው። ኮንፊጉን አምጣ።