ለቤት የነፋስ ተርባይን ባለ 18 ሜትር የብረት ምሰሶን ያለ ክሬን ስለማቆም

ከጠባሴ ማዶ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በሚገኘው የአባቴ ግቢ ውስጥ፣ ሻጩ አንድ ኪሎ ዋት ያመነጫል ያለኝን የነፋስ ተርባይን ለመትከል በዝግጅት ላይ ነኝ። ቤቱ ከኤሌክትሪክ መስመር ስለራቀ እስካሁን የምንገለገለው በሁለት የፀሐይ ፓነልና በአራት ባትሪ ነው። በበጋ ሌሊት ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ እያደረ እኛ ባትሪው አልቆብን በፋኖስ መቀመጣችን ስለሚያናድደኝ ነው ወደዚህ ሐሳብ የገባሁት። ተርባይኑ ከነጅራቱ 60 ኪሎ ይመዝናል፤ ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር 2.7 ሜትር ነው።

ያሰብኩት ባለ 4 ኢንች ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ) ቱቦ ሁለቱን ቀጥዬ 12 ሜትር ምሰሶ ለማቆምና በአራት አቅጣጫ በብረት ገመድ ለመወጠር ነው። በስተምሥራቅ፣ ነፋሱ በብዛት በሚመጣበት በኩል፣ ከምሰሶው ቦታ 60 ሜትር ያህል ርቆ 10 ሜትር የደረሰ ባሕር ዛፍ አለን። ግቢው ወደ ወንዙ ያዘነብላል፤ አፈሩም ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ መረሬ ነው። ክሬን በዚያ መንገድ አይገባም፤ ቢገባም ኪራዩ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ የጎረቤት ልጆችን ሰብስቤ በገመድ በመሳብ ላቆመው አስቤያለሁ። አባቴ ግን «መጀመሪያ የሚወድቅበትን ቦታ ለካ፣ ከዚያ ቆፍር» ይሉኛል። ቁመቱ ይበቃል? በሰው ጉልበትስ ይነሣል? በእንዲህ ያለ አፈር የገመዶቹ መያዣ ኮንክሪት ምን ያህል መሆን አለበት? የሠራ ወይም ሲሠራ ያየ ሰው ቢመክረኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ፌሮና ኮንክሪት

አባትዎ ትክክል ናቸው። ምሰሶው በየትኛውም አቅጣጫ ሙሉ ቁመቱን ይዞ ቢወድቅ ቤት፣ በረት፣ የሰው መተላለፊያ ወይም የመብራት ሽቦ የማያገኝበት ቦታ ከሌለዎት፣ የቀረው ሒሳብ ሁሉ አያስፈልግም።

ቁመቱን በሚመለከት 12 ሜትር አይበቃም። በሙያው የተለመደው መመዘኛ፣ የክንፉ የታችኛው ጫፍ በ150 ሜትር ዙሪያ ካለ ከማንኛውም ዛፍ ወይም ቤት ቢያንስ በ9 ሜትር ከፍ እንዲል ነው። በ10 ሜትሩ ዛፍ ላይ 9 ሜትሩንና የክብ ግማሹን 1.35 ሜትር ቢደምሩ 20 ሜትር ያልፋል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ባለበት ቆሞ የሚጠብቅ ተክል አይደለም። እኔ ብሆን ዛፉን ቆርጬ እሸጥና በገንዘቡ ሦስተኛውን ቱቦ ገዝቼ 18 ሜትር አቆም ነበር፤ ጉቶው ሲያቆጠቁጥም ሳያድግ እየተቆረጠ ለአጥር ይሆናል። ከዛፍ ጀርባ የሚደርስ ነፋስ ፍጥነቱ መቀነሱ ብቻ ሳይሆን እየተጠማዘዘ ስለሚመጣ ክንፉንና ኩሽኔታውን ያለ ዕድሜያቸው ይጨርሳቸዋል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በውስጡ ያለው ኃይል ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፣ ከፍታ ላይ የምትገኘው ጥቂት የፍጥነት ጭማሪ ቀላል አይደለችም፤ ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ ከ12 ወደ 18 ሜትር መውጣት 20 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ያስገኛል። የአዳማ አንደኛው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ 34 ተርባይኖች ሸንተረር ላይ የወጡትም በከንቱ አይደለም።

አንድ ኪሎ ዋት የሚለው ቁጥር ግን እንዳያታልልዎ። እንዲህ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ነፋሱ በሰከንድ 12 ሜትር ያህል ሲነፍስ ነው። በሰከንድ 5 ሜትር ሲነፍስ ያው ተርባይን የሚሰጠው 70 ዋት ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ከሰባው ላይ ሩቡን ይቀንሱ። ይህን የምለው የፀሐይ ፓነሎቹን እንዳይሸጧቸው ብዬ ነው።

ወደ ኮንክሪቱ ልምጣ። ነፋሱ በሰከንድ 25 ሜትር ሲደርስ ይህን የሚያህል ተርባይን የምሰሶውን ራስ በ150 ኪሎ ክብደት ልክ ወደ ጎን ይገፋዋል። የላይኛው ገመድ 16 ሜትር ላይ ቢታሰርና መያዣው ከምሰሶው እግር 9 ሜትር ቢርቅ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት የሚቀበለው ገመድ 350 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ መያዣውን ወደ ላይ የሚነቅለው ኃይልም 300 ኪሎ ይደርሳል። ድንገተኛ ሽውታና ገመዱ አስቀድሞ የተወጠረበት ኃይል ስለሚጨመር ሦስት እጥፍ አድርጎ ማሰብ ይገባል። ጎንና ጎኑ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ኮንክሪት 1,200 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በክብደቱ ብቻ ይችለዋል። መረሬ ግን ክረምት ሲያብጥ ኮንክሪቱን ሽቅብ ይገፋዋል፣ በጋ ሲሰነጠቅ ደግሞ ይለቀዋል፤ ስለዚህ ጥቁሩን አፈር አልፈው ጠጣሩ እስኪገኝ ድረስ ያስቆፍሩ። ከተሞላም በኋላ 28 ቀን ውኃ እየጠጣ ይቆይ እንጂ ምንም አይታሰርበት።

የሸኖው

ሸኖ አካባቢ በእኅቴ ግቢ ይህንኑ የመሰለ ባለ 18 ሜትር ምሰሶ ሁለት ጊዜ አቁሜያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ያልኩት የመጀመሪያው ስለተጣመመብኝ ነው። ከላይ የተሰጠው ምክር ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ እኔን የጎዳኝ ነገር እስካሁን ስላልተነሣ በዝርዝር ልጽፈው።

ያለ ክሬን የሚቆም ምሰሶ መሬት ላይ ተጋድሞ ይገጠማል፤ እግሩ በወፍራም ቡሎን በሚዞር ማጠፊያ ላይ ይቀመጣል፤ እግሩ ላይ ከትልቁ ምሰሶ ጋር 90 ዲግሪ ማዕዘን የሚሠራ ሌላ አጭር አጋዥ ምሰሶ ይታሰርበታል። የፊተኛው ገመድ ከትልቁ ምሰሶ ተነሥቶ በአጋዡ ጫፍ ላይ ያልፍና ወደ መሳቢያው ይወርዳል፤ አጋዡ ወደ መሬት ሲሳብ ትልቁ ምሰሶ ይነሣል። ባለ 4 ኢንቹ ቱቦ በሜትር 16 ኪሎ ስለሚመዝን ሦስቱ 290 ኪሎ ይሆናሉ። አጋዡ 6 ሜትር፣ መሳቢያው ከማጠፊያው 9 ሜትር የራቀ ከሆነ፣ ተርባይኑ ተሰቅሎበት ገና ከመሬት ሲላቀቅ 740 ኪሎ ያህል ይስባል። አጋዡን ወደ 3 ሜትር ቢያሳጥሩት ይኸው ቁጥር 1,300 ኪሎ ይደርሳል። ከባዱ ጊዜ የመጀመሪያዋ ክንድ ናት፤ ከዚያ በኋላ እየቀለለ ይሄዳል። ስለዚህ የጎረቤት ልጆችን ለእርዳታ ይጥሯቸው እንጂ ገመዱን በእጃቸው አያስይዟቸው፤ ሰው ይደክመዋል፣ ያዳልጠዋል፣ ይለቃልም። በመኪናም አይሳብ። እኔ በአይሱዙ ነበር ያስጎተትኩት፤ ሾፌሩ ምን ያህል እየሳበ እንደሆነ በእጁም በእግሩም አይሰማውም።

የተጣመመው እንዲህ ሆኖ ነው። በጎንና በጎን ያሉት ሁለቱ ገመዶች ምሰሶው እየተነሣ ሳለ ወደ ግራና ቀኝ እንዳይወድቅ የሚይዙት እነርሱ ብቻ ናቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል እንዲወጠሩ ደግሞ የሁለቱም መያዣ ቀለበት በማጠፊያው ቡሎን ትክክል መስመር ላይ፣ ያውም በዚያው ከፍታ መገኘት አለበት። የእኅቴ ግቢ እንደ እርስዎ ያዘነብላል። እኔ መያዣዎቹን በሜትር ለካሁና እኩል ርቀት ላይ ቀበርኳቸው፤ የግራው ከማጠፊያው በ40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለቱን ግን አይቼ እንዳላየ አለፍኩት። ምሰሶው ተጋድሞ ሳለ ልክ የነበረው የግራ ገመድ፣ ምሰሶው ሲቆም 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ በወረቀት ላይ ሳሰላው ነው። መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ የግራው ገመድ እንደ ክራር ክር መጮህ ጀመረ፤ የቀኙ በተቃራኒው ልል ብሎ ተንጠለጠለ። ወንድሜ ከታች ሆኖ «ቁም!» ቢልም መኪናው ሌላ ሁለት ክንድ ስቦ ነበር፤ ቱቦው ከሁለተኛው መጋጠሚያ በላይ እንደ ቀስት ጎበጠ። ከሥሩ ማንም እንዳይቆም አስቀድመን ስለተስማማን ሰው አልተጎዳም። ተርባይኑም ገና አልተሰቀለም ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ ሲባጎውን ከማጠፊያው ቡሎን ላይ አስረን በሁለቱም ጎን ዘረጋነው፤ ከፍታውን ግንበኞች በሚጠቀሙበት ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውኃ ልክ እያየን፣ ዝቅ ያለውን መያዣ በኮንክሪት አስረዝመን ወደ ሲባጎው አደረስነው። የሳብነውም በእጅ በሚዞር ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ በሚስብ መሣሪያ) ሆኖ፣ በየስድስት ዙሩ እያቆምን ሁለቱን የጎን ገመዶች በእጅ እየነካን ነበር።

ከጠባሴ ማዶ (ጠያቂ)

ይህን አንብቤ ዛሬ ጠዋት በውኃ ቱቦ ለካሁ፤ በወንዙ በኩል ያለው ቦታ ከማጠፊያው ቦታ በ55 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። እንዲሁ ከምድር በላይ ረዘም ያለ የኮንክሪት ምሰሶ ባቆምና ቀለበቱን ጫፉ ላይ ባስር ይበቃል?

ፌሮና ኮንክሪት

ይበቃል፣ ግን ተራ ኮንክሪት አይሁን። ገመዱ ከመሬት ጋር እኩል ሲታሰር ኮንክሪቱን ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ ይስበዋል፤ 55 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ግን ያንን ብቅ ያለ ክፍል ለመስበር ይታገላል፣ ኮንክሪት ደግሞ ሲታጠፍ ደካማ ነው። ስለዚህ አራት ባለ 14 ሚሊ ሜትር ፌሮ ከጉድጓዱ ሥር ጀምሮ እስከ ጫፉ ድረስ ሳይቆራረጥ ይውጣ፣ በየ15 ሴንቲ ሜትሩም በቀጭን ፌሮ ይታቀፍ። የታችኛውንም ክፍል ከአንድ ሜትር በላይ ጥልቅ ያድርጉት። ካልሆነ ደግሞ ማጠፊያውን ራሱን ቆፍሮ ዝቅ ማድረግ አለ፤ ያን ጊዜ ግን የላይኛውን ጎን መያዣም አብረው ዝቅ ማድረግ ስላለብዎ፣ በሁለቱም ጉድጓድ የክረምት ውኃ ይተኛበታል።

በያጅ ነኝ

ሁለት ነገር ልጨምር። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ከመበየዱ በፊት ሽፋኑ በሞላ አራት ጣት ያህል ይፋቅ፤ ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ የዚያኑ ማታ ያንቀጠቅጣል፣ ወተት ጠጥቼ እበይዳለሁ የሚለውም ጨዋታ ነው። ቱቦ ከቱቦ ጫፍ ለጫፍ ብቻ አይበየድ፤ ውስጥ ለውስጥ በልክ የሚገባ 60 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ግማሹ ወደ ታች፣ ግማሹ ወደ ላይ ይግባና በእርሱ ላይ ይበየድ። የተፋቀውን ቦታ ያንኑ ቀን በዚንክ ቀለም ይቀቡት።

ሌላው መብረቅ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ 18 ሜትር ብረት ሲያቆሙ የአካባቢው ረጅም ነገር እርሱ ይሆናል። ምሰሶውንም አራቱንም የገመድ መያዣዎች በመዳብ ሽቦ መሬት ውስጥ ከተመታ የኧርዝ ዘንግ ጋር ያገናኙ፤ ወደ ቤት የሚገባው ሽቦም የመብረቅ መከላከያ ይኑረው።

የሸኖው

በማቆሚያው ቀን የሚሆነውን ብቻ ልንገርዎ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ይጀምሩ። በመጀመሪያ ምሰሶውን ያለ ተርባይን ያቁሙት፣ በአራቱም አቅጣጫ ሦስት ሦስት ሆነው በተለያየ ከፍታ የታሰሩትን አሥራ ሁለቱንም ገመዶች ወጥረው በቱንቢ ያስተካክሉት፣ ከዚያ መልሰው ያጋድሙትና ተርባይኑን ይስቀሉ። ሲያነሡም ሲያወርዱም ከተርባይኑ የሚወጡት ሦስቱ ሽቦዎች እርስ በርስ ተገናኝተው ይታሰሩ፤ እንደዚያ ሲሆን ክንፉ በቀላሉ አይዞርም። ከሁሉ በላይ፣ ከዊንቹ በተቃራኒ በኩል ያለው የኋለኛው ገመድ አስቀድሞ ከመያዣው ጋር ታስሮ ርዝመቱ ተለክቶ ይቀመጥ። ምሰሶው ቀጥ ሊል ሲቃረብ ክብደቱ ወደ ሌላው ጎን ያልፋል፤ ያን ጊዜ ዊንቹ አይዘውም፣ የኋለኛው ገመድ ካልያዘው ወደ እናንተ ይመጣል። እኛ በዚያ ገመድ ላይ አንድ ሰው ብቻ መድበን ነበር፤ ሥራው እርሱን ማየት ብቻ ስለሆነ ዊንቹን እንዳይረዳ ከልክለነዋል።

ክረምት ሲወጣና በጋ ሲጋመስ ደግሞ ውጥረቱን ይመልከቱት። የእኛው የታችኛው ገመድ በመጀመሪያው ጥቅምት ሦስት ጣት ያህል ላልቶ ነው ያገኘነው።