ኢሜይሌ መድረሱንና መነበቡን በምን ልወቅ?

እንቅልፍ ያጣች፦
ሰላም ለሁላችሁ። የስኮላርሺፕ ማመልከቻዬን ማክሰኞ ሌሊት ላክሁ፤ ቀነ ገደቡ ረቡዕ ነበር። ሦስት ፋይል፣ አንድ ላይ 14 ሜጋባይት። ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው። “ደርሶናል” ያለኝ የለም፤ ተመልሶም አልመጣ። የላክሁት በግል ጂሜይሌ ስለሆነ የንባብ ማረጋገጫ የሚባለውን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። “የተላኩ” የሚለውን እየከፈትኩ የራሴን ደብዳቤ ሳነብ እውላለሁ። ትናንትማ “ከከበረ ሰላምታ ጋር” ልል “ከከበደ ሰላምታ ጋር” ብዬ መላኬን ዐየሁና ጭራሽ ታመምኩ። ደግሜ ልላከው?

ሰርቨር ጠባቂ፦
እህቴ፣ ያጣሽው ስለሌለ ነው። ጂሜይል ላይ ማረጋገጫው ያለው ለመሥሪያ ቤትና ለትምህርት ቤት አካውንት ብቻ ነው፤ እሱም አስተዳዳሪው ሲፈቅድ። አውትሉክ ላይ አለ፤ ግን ተቀባዩ “አትላክ” ካለ አለቀ። እኔ ራሴ ሁሌ “አትላክ” ነው የምለው። የመድረሻ ማረጋገጫ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ ደብዳቤው ሰርቨራቸው (ኢሜይል የሚቀበልላቸው ኮምፒውተር) ገባ ማለት እንጂ ሰው ዐየው ማለት አይደለም። ስፓም ውስጥ ቢወድቅም “ደረሰ” ነው የሚልሽ።

አለመመለሱ ግን ደግ ምልክት ነው። አድራሻው የሌለ ቢሆን ብዙውን ጊዜ 550 የሚል ቁጥር ያለበት መልስ ወዲያው ይመጣል። ሰርቨራቸው ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የላኪው ወገን ለጥቂት ቀን ሞክሮ “አልተቻለም” ይልሽ ነበር። መጠኑን ግን አስቢበት፤ ከሰርቨራቸው ገደብ ካለፈ አይቀበለውም፦ አታች የተደረገ ፋይል በመንገድ ላይ በሲሶ ያህል ያብጣል፤ ያንቺ 14 ወደ 19 ይጠጋል። አድራሻውንም ፊደል በፊደል ዕይው፤ አንድ ፊደል ስተሽ የሌላ ሰው ሳጥን ገብቶ ከሆነ የሚመለስ ነገር የለም።

ፈጣኑ፦
ምን አስጨነቀሽ፣ ብሮውዘርሽ ላይ መከታተያ ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ጫኚ! ሲከፍቱት ይነግርሻል።

ሰርቨር ጠባቂ፦
ለተላከ ደብዳቤ ምን ያደርጋል? ደግሞም ሥራው አንድ ፒክስል የምታህል የማትታይ ሥዕል መደበቅ ነው፤ ሥዕሏ ስትወርድ “ተከፈተ” ይላል። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የግላዊነት ጥበቃውን ላበራ ሰው ሥዕሎቹን ራሱ ቀድሞ ያወርዳቸዋል። ማንም ሳይነካው “ተነቧል” ይልሻል።

ማዶ የነበርኩ፦
ማመልከቻ የሚላክበትን የኢሜይል ሳጥን ለዓመታት የከፈትኩ ሰው ነኝ። ሁለቴ የተላከ ማመልከቻ ያናድደን ነበር፤ የትኛውን እንያዝ? ፋይሎቹን ሳትደግሚ በዚያው በላክሽው ደብዳቤ ላይ መልስ አድርገሽ ሁለት መስመር ጻፊ። “ደርሷችኋል ወይ?” ብቻ አትበዪ፤ “ሦስቱም ፋይሎች ይከፈታሉ?” በዪ። ያኔ ሰውየው ከፍቶ ማየት ግድ ይሆንበታል። እስከ ነገ ዝም ካሉ ደውዪ፤ የላክሽበትን ቀንና ሰዓት ይዘሽ።

እንቅልፍ ያጣች፦
እንዳላችሁኝ አደረግሁ፤ ሰዓት ሳይሞላ መልስ መጣ፦ “ማመልከቻዎ በዕለቱ ደርሶናል። ሁለተኛው ፋይል ግን የይለፍ ቃል ስለሚጠይቅ አልተከፈተም፤ እስከ ነገ ይላኩልን።” የቆለፍኩት እኔው ነኝ። ስለ ከበደው ሰላምታ ያነሳ የለም።