አልማዝ ባለጭራው ዳነ፣ ሕመሙ ግን ሆዴ ላይ ቀረ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ደሴ ነው፣ 54 ዓመቴ ነው። ከስምንት ወር በፊት አልማዝ ባለጭራ ወጣብኝ፤ ከጀርባዬ ተነስቶ በቀኝ ጎኔ እስከ እምብርቴ። ቁስሉ በወሩ ደረቀ። ሕመሙ ግን እዚያው ቀረ። ያቃጥላል፣ አንዳንዴም እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል።

የሚገርመው፣ በእጄ ጫን ስለው ያን ያህል አይደለም። ልብስ ሲነካው ነው ነፍሴ የሚወጣው። የደሴ ብርድ ደርቢ ደርቢ ይላል፣ እኔ ግን መቀነት ከታጠቅኩ ቆየሁ። ታክሲ ውስጥ ቀሚሴን በሁለት ጣት ከሆዴ ነጥዬ ይዤ ነው የምሄደው።

መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተብዬ ሁለት ወር ኦሜፕራዞል ዋጥኩ። አልትራሳውንዱም ኢንዶስኮፒውም ምንም አላሳየም። በኋላ አንድ ሐኪም የነርቭ ሕመም ነው ብሎ አሚትሪፕቲሊን አዘዘልኝ፤ ማታ ማታ 10 ሚሊግራም፣ ቀጥሎ 25። እንቅልፍ ሰጠኝ፣ ግን አፌ ይደርቃል፣ ጠዋት ያዞረኛል። ጋባፔንቲን ሲጨመርበት በእውነት ቀለል ብሎኝ ነበር። ከዚያ ደሴም ኮምቦልቻም ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬ አጣሁት። በአንዴ ተቋረጠብኝ፣ ሕመሙም ብሶ ተመለሰ።

ቀጠሮዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ እንዲህ ሆዳችሁን የታመማችሁ፣ ጋባፔንቲን ሲጠፋ ሐኪማችሁ በምን ተካላችሁ?